ኤልኤፍኦን ማዘግየት፦ የሞጁላር ሲንተሳይዘር ቦርድ ላይ የሚሠሩ 3 ማሻሻያዎች

ሞጁላር ሲንተሳይዘር (ሞጁል ከሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች የሚገጣጠም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ) ያለው ሰው አንድ ቀን ይህ ነገር ይደርስበታል። ሞጁሉን ይወደዋል፤ ግን አንዲት ነገር ትጎድለዋለች። እኔን የገጠመኝ በኪት መልክ ገዝቼ ራሴ የገጣጠምኩት ኤልኤፍኦ ነው። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ባዞረውም በሰከንድ 2 ጊዜ ተኩል ይወዛወዛል እንጂ ከዚያ በታች ንቅንቅ አይልም። እኔ ደግሞ የምፈልገው ፊልተሩ (ድምፁን የሚያደበዝዘውና የሚያጠራው ክፍል) ቀስ እያለ፣ የጠዋት ጭጋግ ከተራራ ላይ እንደሚነሣ እንዲከፈት ነው። አዲስ ሞጁል መግዛት ይቻላል። ጥቂት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ክፍሎች) መጨመርም ይቻላል። ሁለተኛው እጅግ ይረክሳል፤ ደግሞም ደስ ይላል።

ኤልኤፍኦ ለማታውቁት፦ በጣም ዝግ ብሎ የሚወዛወዝ ቮልቴጅ ነው። ራሱ አይሰማም፤ ሌላውን ያንቀሳቅሳል። ድምፃዊ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ጅማቱ ላይ ሲያርገበግብ አስቡት። ሲንተሳይዘር ላይ የዚያን ጣት ሥራ የሚሠራው ኤልኤፍኦ ነው።

እግረ መንገዴን ሁለት ቀለል ያሉ ማሻሻያዎችንም አሳያችኋለሁ፤ እጅ ለማፍታታት ይሆናሉ። ሦስቱንም ስሠራ የምከተላት አንዲት ደንብ አለችኝ። መጨመር እየተቻለ አልቆርጥም። ነገ ሐሳቤን ብቀይር ቦርዱ እንደነበረ መመለስ አለበት።

የትኛው ቦርድ?

የማወራው ዩሮራክ ስለሚባለው ዓይነት ነው። ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ኤ-100 የተባለውን ሲስተም ካወጣ ወዲህ በጣም የተስፋፋው ይኸው ነው። የሞጁሉ ቁመት 128.5 ሚሊሜትር፣ ጃኮቹ (ገመድ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች) 3.5 ሚሊሜትር ናቸው። ኃይሉ ፕላስ 12 እና ማይነስ 12 ቮልት ነው። ይህ ቮልቴጅ ቺፕ ያቃጥል ይሆናል እንጂ ሰው ላይ ጉዳት አያደርስም። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ግን ይገድላል። ስለዚህ የኃይል ሳጥኑን በፍጹም አንከፍትም። ሥራችን ሞጁሉ ላይ ብቻ ነው፤ ብየዳውም ኬብሉ ተነቅሎ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ እግር ያላቸው ክፍሎች የተበየዱበት ቦርድ ምረጡ። ማለትም የሬዚስተሩ (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድበው ክፍል) እግር ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ከጀርባ የተበየደበትን። አሁን አሁን የሚወጡት ብዙዎቹ ሞጁሎች ላይ ክፍሎቹ ከጤፍ ብዙም አይበልጡም፤ 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር የሆኑ አሉ። በእነሱ ጀምሮ የተማረረ ሰው መበየጃውን ሁለተኛ ላያነሣ ይችላል።

የሰርኪቱን ንድፍ ብታገኙ ግማሹ ሥራ አለቀ። የኪት ቦርዶች አብዛኛውን ጊዜ ንድፋቸው አብሯቸው ይመጣል። ኤሚሊ ዢሌ ፈረንሳይ ውስጥ የመሠረተችው ሞጁል ሠሪው ሚውተብል ኢንስትሩመንትስም የሞጁሎቹን ንድፍ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ነው ያወጣው። ድርጅቱ ዛሬ ባይሠራም ንድፎቹ አሉ። ቦርዶቹ በደቃቅ ክፍሎች የተሞሉ ስለሆኑ ለጀማሪ እጅ አይሆኑም፤ ንድፍ ማንበብ ለመለማመድ ግን ግሩም ናቸው።

ጠረጴዛው ላይ ምን ይኑር

ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ፣ ቀጭን ሶልደር (ቀልጦ የሚያጣብቀው ብረት)፣ የሶልደር መምጠጫ፣ ፍለክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት)፣ መቁረጫ፣ እና ብዙዎቻችን ቴስተር የምንለው መልቲሜትር። እርሳስ ያለበት ሶልደር ከሆነ መበየጃውን 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አድርጉት። እርሳስ ለሌለው ትንሽ ከፍ ይላል። መስኮት ክፈቱ፤ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ።

የድሮ ብየዳ አልቀልጥ ሲላችሁ መበየጃውን አጥብቃችሁ አትጫኑ። ይልቅ ትንሽ አዲስ ሶልደር ጨምሩበት። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሲቀላቀል ሙቀቱ ቶሎ ይዳረሳል፤ ከዚያ በመምጠጫው ሳቡት። አንድ ነጥብ ላይ ከ3 ሰከንድ በላይ አትቆዩ። ካልሆነ አቁሙና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ብዙ ካሞቃችሁት ከቦርዱ ጋር የተጣበቀችው የመዳብ ክብ ትነሣለች። አንዴ ከተነሣች በነበረችበት አትመለስም፤ ሽቦ ወስዳችሁ መስመሩ ወደሚቀጥለው ክፍል እግር መበየድ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

አንድን ክፍል የግድ ማውጣት ካለባችሁ ለክፍሉ አትዘኑ። በመቁረጫ ከላይ እግሮቹን ቁረጡና ቅሪቱን አንድ በአንድ አውጡ። ሬዚስተር በሳንቲም ይገኛል፤ ቦርዱ ግን አንድ ነው። “አልቆርጥም አላልክም ወይ?” ብትሉኝ፣ ያልኩት ስለ ቦርዱ መስመር ነው።

ከመንካት በፊት

ቦርዱን በፊትም በጀርባም በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የኃይል ኬብሉ ተሰክቶ እያለም አንሡ። ባለ ቀይ መስመሩ ጎን ብዙውን ጊዜ ማይነስ 12 ቮልት ነው፤ ቢሆንም ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ነው ማመን ያለባችሁ። እኔ አንድ ጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በደከመ ዓይን፣ ኬብሉን ገልብጬ ሰካሁት። መጀመሪያ ሽታው ነው የመጣው። ከዚያ ቺፑ መሐል ላይ ትንሽ እብጠት አየሁ። ሞጁሉ መከላከያ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) አልነበረውም። አሁን ማንኛውንም ሞጁል ስከፍት መጀመሪያ የማየው ኃይሉ መግቢያ ላይ ዳዮድ መኖሩን ነው።

ቀጥሎ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉ። ኬብሉ ተነቅሎ እያለ በፕላስ 12 እና በግራውንድ (የሰርኪቱ ዜሮ ቮልት መስመር) መካከል ያለውን ለኩ። ከዚያ በማይነስ 12 እና በግራውንድ መካከል ያለውን። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። ሥራው ሲያልቅ መልሳችሁ ትለኳቸዋላችሁ፤ ያን ጊዜ ይህቺ ወረቀት ወርቅ ነች።

ለማሟሟቂያ፦ ዓይን የሚያጠፋ ኤልኢዲ

አንዳንድ ሞጁል ሰማያዊ ኤልኢዲው ጨለማ ክፍል ውስጥ እንደ መኪና መብራት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤልኢዲው ተከትሎት ያለው ሬዚስተር አነስተኛ ስለሆነ ብዙ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ለምሳሌ ከ12 ቮልት ላይ ኤልኢዲው 3 ቮልት ይወስዳል እንበል፤ 9 ይቀራል። ሬዚስተሩ 1 ኪሎኦም ከሆነ 9 ሚሊአምፒር ያልፋል። 10 ኪሎኦም ብታደርጉት 0.9 ሚሊአምፒር ይሆናል። የዛሬ ኤልኢዲዎች በዚህም በደንብ ይታያሉ።

ሬዚስተሩን ለማግኘት መልቲሜትሩን ጢጥ የሚለው ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ ኤልኢዲው እግር ላይ፣ ሌላውን በአቅራቢያው ባሉ ሬዚስተሮች እግር ላይ በየተራ ንኩ። ጢጥ ያለው ነው። ዋጋውን ግን በቀለሞቹ አንብቡ እንጂ ቦርዱ ላይ እንዳለ በመለካት አትተማመኑ። ኤሌክትሪኩ በሌላ መንገድም ስለሚዞር መልቲሜትሩ ከእውነተኛው ያነሰ ሊያሳያችሁ ይችላል።

አውጡት፣ በ10 ኪሎኦም ተኩ፣ አለቀ። አሮጌውን ሬዚስተር በትንሽ ፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ሚክሰሩ ዝግ ያለ ቮልቴጅ አላሳልፍ ሲል

ይህኛው ብዙዎችን ግራ ያጋባል። የኤልኤፍኦ ምልክት ሚክሰር ውስጥ ታስገባላችሁ፤ በሌላው በኩል የሚወጣው የለም፣ ወይም ቅርጹ ተበላሽቶ ይወጣል። ሞጁሉ አልተበላሸም። ለድምፅ ብቻ ታስቦ ስለተሠራ መግቢያው ላይ ካፓሲተር ተደርጎበታል። ካፓሲተር የሚለዋወጠውን ያሳልፋል፤ ቆሞ የሚቀረውን ያግዳል። 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ተከታትለው ካሉ፣ በሰከንድ ከ1.6 ጊዜ በታች የሚወዛወዘው ሁሉ እየደከመ ይሄዳል። ድምፅ ከ20 በላይ ስለሆነ ምንም አይሰማውም። ዝግተኛ ኤልኤፍኦ ግን በሩ ላይ ይቀራል።

መፍትሔው ካፓሲተሩን ማለፍ ነው። ማውጣት አያስፈልግም። ቦርዱን ገልብጡና በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች መካከል አጭር ሽቦ በይዱ። የተቆረጠ የሬዚስተር እግር ይበቃል። ነገ ካስጠላችሁ ሽቦዋን ማንሣት ነው።

ግን ቆይ! ካፓሲተሩን እዚያ ያስቀመጠው ሰው ሞኝ አልነበረም። ሽቦውን ከመበየዳችሁ በፊት ሞጁሉን ኃይል ስጡትና፣ ምንም ገመድ ሳትሰኩ፣ በካፓሲተሩ ግራና ቀኝ ያለውን ቮልቴጅ ከግራውንድ አንጻር ለኩ። ሁለቱም ጎን ዜሮ አካባቢ ከሆነ፣ ማለትም ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ከታየ፣ መንገዱ ክፍት ነው። አንዱ ጎን 5 ወይም 6 ቮልት ካሳየ ግን ተዉት። እዚያ ጋ ካፓሲተሩ ሁለት የማይገናኙ ደረጃዎችን ለይቶ የያዘ ግድግዳ ነው፤ ብታፈርሱት ሞጁሉ መሥራት ያቆማል።

መውጫው ላይም ተመሳሳይ ካፓሲተር ሊኖር ስለሚችል እዩት። ሌላም ነገር አለ። ቀላል ሚክሰሮች ምልክቱን ገልብጠው ነው የሚያወጡት። ለድምፅ ጆሮ ልዩነቱን አይለይም። ለቮልቴጅ ግን ወደ ላይ የሄደው ወደ ታች ይሆናል፤ ፊልተሩ ይከፈታል ስትሉ ይዘጋል። ይህ ሲሆን እኔ እንደ ጉድለት አላየውም። አንዳንዴ የተገለበጠው ይሻላል።

ዋናው ሥራ፦ ኤልኤፍኦን ማዘግየት

የአብዛኛው ቀላል ኤልኤፍኦ አሠራር ውኃ እንደ መሙላት ነው። ቮልቴጅ በሬዚስተር በኩል ካፓሲተር ውስጥ ይሞላል። ሞልቶ ልክ ሲደርስ ሌላው የሰርኪቱ ክፍል አቅጣጫውን ይገለብጠዋል፤ ይጎድላል። እንደገና ይሞላል። ማዞሪያው የቧንቧውን ጥበት ነው የሚቀይረው። ካፓሲተሩ ራሱ በርሜሉ ነው። እኛ በርሜሉን እናሰፋለን።

ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ሲበየዱ ይደመራሉ። የእኔ ሞጁል ላይ የነበረው 0.1 ማይክሮፋራድ ነው፤ አንዱ ዙር 0.4 ሰከንድ ይፈጃል። 1 ማይክሮፋራድ ስጨምርበት 1.1 ሆነ፤ ፍጥነቱ በ11 ተከፈለና አንድ ዙር 4.4 ሰከንድ ሆነ። 11 ማይክሮፋራድ ብጨምር ደግሞ 44 ሰከንድ ያህል ይሆናል። የእናንተ ላይ ቁጥሩ ይለያያል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

አስቸጋሪው ትክክለኛውን ካፓሲተር ማግኘት ነው። ቦርዱ ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ የሆነ ብዙ ካፓሲተር ይኖራል። ብዙዎቹ ከቺፖቹ የኃይል እግር ወደ ግራውንድ የሚሄዱ ናቸው፤ ሥራቸው ኃይሉን ማረጋጋት ነው። እነሱን ብታሰፉ ምንም አይቀየርም።

የምንፈልገው ከቺፑ መውጫ ወደ ማይነስ መግቢያው የሚመለሰውን ነው። በብዛት የሚገኘው ባለ 8 እግሩ ቲኤል072 ነው። ቺፑ ላይ ያለውን ጭረት ወይም ነጥብ ወደ ላይ አድርጉ። ከግራ በላይኛው በኩል 1 ብላችሁ ወደ ታች 4 ድረስ ቁጠሩ። ከዚያ በቀኝ ከታች ወደ ላይ ከ5 እስከ 8። ውስጡ ሁለት ማጉያ አለ። የአንዱ መውጫ 1፣ ማይነስ መግቢያው 2 ነው። የሌላኛው መውጫ 7፣ ማይነስ መግቢያው 6። እግር 4 ማይነስ 12፣ እግር 8 ፕላስ 12 ነው። እንግዲህ በጢጥታው ፈልጉ፦ አንድ እግሩ ከ1፣ ሌላው ከ2 ጋር የሚገናኝ ካፓሲተር፣ ወይም አንዱ ከ7 ሌላው ከ6። እሱ ነው በርሜሉ።

እርግጠኛ ለመሆን ኃይሉን አጥፉና 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በእግሮቹ ላይ ለጊዜው በቀላሉ በይዱ። ኃይል ስጡ። የኤልኢዲው ብልጭታ ከዘገየ አገኛችሁት። ካልዘገየ አንሱትና ፍለጋውን ቀጥሉ።

አሁን ባለ ሦስት ቦታ ስዊች እናስገባለን። መሐል ላይ ሲሆን ምንም የማያገናኘውን፣ ሦስት እግር ያለውን ትንሽ ስዊች ግዙ። መሐል ሲሆን ሞጁሉ እንደ ድሮው ይሠራል። ወደ ላይ ሲሆን ዝግ ይላል፤ ወደ ታች ሲሆን ያንቀላፋል።

ስለ ካፓሲተሩ ዓይነት አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ ቦታ ቮልቴጁ አንዴ ፕላስ አንዴ ማይነስ ይሆናል። ስለዚህ የፕላስና የማይነስ እግር ያለው ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው ካፓሲተር ብቻውን አይገባም። ለ1 ማይክሮፋራድ አቅጣጫ የማይመርጠውን ፊልም ካፓሲተር ተጠቀሙ። ለትልቁ ግን ፊልሙ ግዙፍና ውድ ነው። ዘዴው ሁለት 22 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮላይቲክ ወስዶ ማይነስ እግራቸውን እርስ በርስ ማገናኘት ነው። በሁለቱ ነጻ ጫፎች መካከል 11 ማይክሮፋራድ ይገኛል፤ አቅጣጫም አይመርጥም።

አበያየዱ እንዲህ ነው፦

1. የፊት ሳህኑን ከቦርዱ ለዩ። የስዊቹን ቀዳዳ ቦርዱ ሳህኑ ላይ እያለ በፍጹም አትብሱ። የአልሙኒየም ብናኝ ቺፕ እግር መሐል ከገባ አገናኝቶ ያቃጥላል። ለትንሽ ስዊች አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃል፤ ግን ስዊቹን ለክታችሁ ነው።

2. ከስዊቹ መሐለኛ እግር አንድ ሽቦ ወደ ቺፑ መውጫ ጎን (እግር 1 ወይም 7) ውሰዱ። ሽቦውን ነባሩ ካፓሲተር ጀርባ ላይ በይዱት።

3. ሁለቱን አዲስ ካፓሲተሮች በአንድ ጫፋቸው አገናኙና ያን ጫፍ ወደ ማይነስ መግቢያው ጎን (እግር 2 ወይም 6) በይዱ። እዚህ ጋ ሽቦ አትጠቀሙ፤ የካፓሲተሮቹ የራሳቸው እግር ይድረስ።

4. የካፓሲተሮቹን ሌላ ጫፍ በየራሳቸው ሽቦ ወደ ስዊቹ ሁለት ዳር እግሮች ውሰዱ።

ሦስተኛው ላይ የተጨነቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የማይነስ መግቢያው በጣም ጆሮው ስስ ነው። ረጅም ሽቦ ብትቀጥሉበት እንደ አንቴና የቤቱን ኤሌክትሪክ እዝዝታ ይሰበስባል። የመውጫው ጎን ግን ጠንካራ ስለሆነ ሽቦው ቢረዝምም ግድ የለውም። ስለዚህ ስዊቹ ሁልጊዜ በመውጫው በኩል ይሁን። እኔ መጀመሪያ ገልብጬ ሠርቼው ኤልኤፍኦው ፊልተሩን ሲያንቀሳቅስ ከሥሩ እዝ የሚል ነገር ይሰማ ነበር። ሁለት ቀን ኃይል ሰጪውን ስጠረጥር ከረምኩ።

ካፓሲተሮቹ እንዳይነቃነቁ በትንሽ ሙጫ ቦርዱ ላይ አጣብቋቸው። ባዶ እግር ካለ በሽቦ ልባስ ሸፍኑት። ፍለክሱን በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱ፤ በተለይ ማይነስ መግቢያው አካባቢ።

ኃይል ከመስጠት በፊት

ያቺን ወረቀት አምጡ። ከፕላስ 12 ወደ ግራውንድ፣ ከማይነስ 12 ወደ ግራውንድ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር ከተቀራረበ ጥሩ ነው። ወደ ዜሮ ከወረደ የሆነ ቦታ ሶልደር ተንጠባጥቦ ድልድይ ሠርቷል። በማጉያ መነጽርና በስልክ መብራት ፈልጉ።

መጀመሪያ ሲበራ ሞጁሉ ብቻውን ይሁን፤ ሌሎቹን ንቀሉ። የኬብሉን አቅጣጫ ከፎቶው ጋር አስተያዩ። አብሩና ወዲያው ጣታችሁን ቺፑ ላይ አድርጉ። ለብ ቢል ችግር የለም። ካቃጠላችሁ ባፋጣኝ አጥፉ።

ስዊቹን እየሠራ ስትቀይሩ ቮልቴጁ ይዘላል። ብልሽት አይደለም። ባዶው ካፓሲተር ከሞላው ጋር በድንገት ስለሚገናኝ ውኃው ወዲያው ይካፈላል። ሙዚቃ መሐል ላይ ካደረጋችሁት ፊልተሩ ድንገት ይወረወራል፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ምረጡ።

በመጨረሻ ወረቀት ፕላስተር ላይ የጨመራችሁትን ዋጋና ቀኑን ጽፋችሁ ከሳህኑ ጀርባ ለጥፉ። የእኔው ላይ “1 ላይ፣ 11 ታች፣ ነባሩ አልተነካም” ይላል። ያን ሁሉ የለፋሁለት የ44 ሰከንዱ ግን ብዙም አላገለገለኝም። አንድ ዙር እስኪጨርስ ስጠብቅ ዘፈኑ ያልቃል። ስዊቹ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወደ ላይ፣ 4.4 ሰከንዱ ላይ ነው።